የድሮ ኳስ ተጫዋችን ታሪክ ከመዝገብ አንሥቶ መጻፍ፦ በጆን ቻርልስ ምሳሌ

ጆን ቻርልስን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዌልስ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካፈራቻቸው ተጫዋቾች መካከል እንደ እሱ የምወደው የለም። ሁለተኛው፣ የእሱን የኳስ ዘመን በትክክል የጻፈ ሰው የማንንም የዚያን ጊዜ ተጫዋች ታሪክ መጻፍ አያቅተውም። ጸሐፊን የሚያሳስተው ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ተሰብስቧል። ሞክሼ አለው፣ ወንድሙ አብሮት ይጫወታል፣ የሚሰለፍበት ቦታ ይቀያየራል፣ የጎሉ ቁጥርም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ለዓመታት ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ስለ ድሮ ተጫዋቾች ስጽፍ የሠራሁበትን መንገድ፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ እንዳለ አቀርብላችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእነሱ የውድድር ዘመን በነሐሴ ተጀምሮ በግንቦት ገደማ ስለሚያልቅ፣ «1957–58» የሚለውን ስታዩ ከሞላ ጎደል የእኛ 1950 ዓ.ም. ነው ብላችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ዝናውን ወደ ጎን አድርጉት። ጣሊያኖች «ኢል ጂጋንቴ ቧኖ» ይሉታል፤ ደጉ ግዙፍ ማለት ነው። ጽሑፉን ከዚህ ቅጽል ስም የጀመረ ሰው ሌላውን ሁሉ ስሙን ለማስረዳት ሲል መደርደሩ አይቀርም፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ የገጠመኝ ይኸው ነው። ይልቅ ባዶ ደብተር ውሰዱና ሰባት ዓምድ አስምሩበት፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ሜዳ፣ ውጤት፣ የተሰለፈበት ቦታ፣ ጎል፣ ይህን ያገኛችሁበት ቦታ። ሰባተኛው ዓምድ አሰልቺ ነው፤ ግን እሱን ባዶ የተዉ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የራሳቸውን ደብተር ማመን ሲያቅታቸው አይቻለሁ። የማትጠፋ አንዲት ሕግ ደግሞ አለች፦ ያልተጫወተባቸውም ጨዋታዎች መስመር ይሰጣቸው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ስሙን አጥሩ። ሙሉ ስሙ ዊሊያም ጆን ቻርልስ ነው፤ በስዋንሲ ከተማ ክዉምቡርላ በሚባል ሰፈር ዲሴምበር 27 ቀን 1931 ተወለደ። በመጠሪያው ያጣችሁትን መዝገብ «ዊሊያም» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ የሚምታቱትን ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ለይታችሁ ጻፉ። በ1944 የተወለደ የዌስት ሃም ተከላካይ የሆነ ሌላ ጆን ቻርልስ አለ። የዚያ ሰው ወንድም ክላይቭ ቻርልስ ደግሞ ኋላ ለካርዲፍ ተጫውቷል። ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የእኛው ጆን የሥጋ ወንድም ሜል ቻርልስ ነው። በ1935 የተወለደው ሜልም እንደ ታላቁ ሁሉ መሀል ተከላካይም አጥቂም መሆን የሚችል ጠንካራ ተጫዋች ነበር፤ ከስዋንሲ ወደ አርሰናል፣ ከአርሰናል ወደ ካርዲፍ ሄደ። ከ1963 ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማቾች ካርዲፍ ውስጥ አብረው ተሰልፈዋል።

በአንድ ጽሑፌ የሜልን ጎል ለጆን ሰጥቼ አሳትሜያለሁ። ጋዜጣው «ቻርልስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ» ይላል፤ እኔም ሳላመነታ ወሰድኩት። አንድ አንባቢ የዚያኑ ሳምንት ሌላ ጋዜጣ አገላብጠው አሳወቁኝ። እርማት ጻፍኩ፤ ግን የታናሽዬውን ጎል የቀማሁት ያህል ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በሌለበት ቦታ ሁሉ ሁለተኛ ምስክር ሳላገኝ አልጽፍም። የብሔራዊ ቡድኑም ጨዋታ እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1955 ቤልፋስት ላይ ዌልስ ሰሜን አየርላንድን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለት ጥንድ ወንድማማቾች፣ ቻርልሶችና ኦልቸርቾች፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ሐትሪክ የሠራው፣ ማለትም ሦስቱንም ጎል ያገባው፣ ጆን ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ካርዲፍ ውስጥ ዌልስ እንግሊዝን 2 ለ 1 ረታች፤ የእንግሊዝን ጎል አስቆጣሪ ስታዩ «ቻርልስ» የሚል ታገኛላችሁ። ስሕተት አይደለም፤ ጆን በራሱ ግብ ላይ ያገባው ነው።

የክለቦችንም ስም በዘመናቸው ልክ ጻፉ። ዛሬ ስዋንሲ ሲቲ የምንለው ክለብ እስከ 1970 ስዋንሲ ታውን ነበር። ብዙዎች ቻርልስ «ለስዋንሲ ተጫውቶ ወደ ሊድስ ሄደ» ይላሉ፤ ደብተሩ ግን ይህን አይቀበልም። በ14 ዓመቱ የስዋንሲ ክለብ ሜዳ ወደነበረው ቬች ፊልድ የገባው በሜዳ ሠራተኛነት ነው። የዚያ ዘመን ልጆች ሜዳ እያስተካከሉና የትልልቆቹን ጫማ እያጸዱ ነበር ኳስ የሚማሩት። ለዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ በ17 ዓመቱ የሊድስ ዩናይትድ ሰዎች ወሰዱት። በኤፕሪል 1949 ከብላክበርን ሮቨርስ ጋር የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ አደረገ፤ 0 ለ 0 አለቀ። በማርች 1950 ደግሞ ገና 18 ዓመቱን እንዳለፈ የዌልስን ማሊያ ለበሰ።

ከ1950 እስከ 1952 ያለው የደብተራችሁ ክፍል ክፍት ክፍት ይሆናል። ወዲያው «ተጎድቶ ነው» ብላችሁ አትሙሉት። በዚያ ጊዜ የብሪታንያ ወጣት ሁሉ የሁለት ዓመት ብሔራዊ ውትድርና ነበረበት፤ ቻርልስም ካርላይል ከተማ በ12ኛው ሮያል ላንሰርስ ክፍለ ጦር እያገለገለ፣ ሲፈቀድለት እየመጣ ነው ለሊድስ የተጫወተው። የማንኛውንም የዚያ ዘመን ተጫዋች ታሪክ ስትጽፉ 18 ዓመቱ ላይ ስትደርሱ ስለ ጦሩ ጠይቁ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ የተሰለፈበት ቦታ። የድሮ ጋዜጣ የቡድን ዝርዝር ሲያትም በዘፈቀደ አይደረድርም። መጀመሪያ በረኛው፣ ቀጥሎ ሁለት ባኮች፣ ቀጥሎ ሦስት ሃፎች፣ በመጨረሻ አምስት ፎርዋርዶች ይመጣሉ፤ በየመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ፣ በየመደቡ መጨረሻ ድርብ ሰረዝ። ስለዚህ አምስተኛው ስም ሴንተር ሃፍ ነው፤ ስሙ ሃፍ ይሁን እንጂ ሥራው የመሀል ተከላካይ ነው። ዘጠነኛው ሴንተር ፎርዋርድ፣ የመሀል አጥቂው፣ ነው። ስለ ጨዋታው አንዲት ዓረፍተ ነገር ባታገኙ እንኳ ዝርዝሩን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ የት እንደተሰለፈ ታውቃላችሁ።

በቻርልስ ላይ ሞክሩት። ለሦስት ዓመት ያህል አምስተኛው ላይ ታገኙታላችሁ። በኦክቶበር 1952 ድንገት ዘጠነኛው ላይ ይወጣል፤ አሰልጣኙ ሻለቃ ፍራንክ በክሊ ወደ ፊት ስላወጡት ነው። የጎል ዓምዱ ወዲያው ይሞላል። በ1953–54 በ39 የሊግ ጨዋታ 42 ጎል፤ እስከ ዛሬ የሊድስ የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ነው። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ አድንቆ ያልፋል። እናንተ ግን የደረጃውን ሰንጠረዥ ክፈቱ፦ 42 ጎል የሚያገባ አጥቂ የያዘው ሊድስ በሁለተኛ ዲቪዚዮን 10ኛ ወጣ። ታሪኩ ያለው እዚህ ነው። ጎል የሚያገባላቸው ሰው እና ጎል የሚከለክልላቸው ሰው አንድ ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ አምስተኛም ዘጠነኛም ሊሆን አይችልም። በ1955–56 በ29 ጎሉ ቡድኑን ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ይዞት ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን 38 አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሊድስም 8ኛ ወጣ።

ጎል ስትቆጥሩ «የት የተገባ ጎል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትደምሩ። ለሊድስ ስንት አገባ ቢባል 150፣ 153 እና 157 የሚሉ ሦስት መልሶች ታገኛላችሁ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። እስከ 1957 በሊግ ብቻ በ297 ጨዋታ 150 ነው። በ1962 ለአጭር ጊዜ ተመልሶ በ11 ጨዋታ 3 ስለጨመረ 153 ይሆናል። የዋንጫ ጨዋታዎች ሲታከሉ በ327 ጨዋታ 157 ይደርሳል። ከ1957 በኋላ በተጫወተበት በጣሊያኑ ክለብ በጁቬንቱስ ደግሞ «በ155 ጨዋታ 108 ጎል» የሚል ቁጥር በሰፊው ይዞራል። የሊጉን ብቻ ስታወጡ 150 ጨዋታና 93 ጎል ነው። አሁን ቀንሱ፦ የቀሩት 5 ጨዋታዎችና 15 ጎሎች ናቸው። በእያንዳንዱ የዋንጫ ጨዋታ ሐትሪክ ሠርቷል ካላላችሁ በቀር ይህ ሒሳብ ውሃ አያነሣም። የዋንጫውን ጎል ቆጥሮ የዋንጫውን ጨዋታ በሙሉ ያልቆጠረ ሰው እጅ እንዳለበት ግልጽ ነው። መቀነስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜ አድርጉት።

ጋዜጦቹን በተመለከተ አንድ ድካም ላስቀርላችሁ። አበሪስትዊዝ ያለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ኢንተርኔት ላይ የጫናቸው የድሮ ጋዜጦች እጅግ ግሩም ናቸው፤ ግን 1919 ላይ ይቆማሉ። እኔ ይህን ሳላይ ብዙ ምሽት አቃጥያለሁ። ለቻርልስ ዘመን ስዋንሲን የሚሸፍነውን ሳውዝ ዌልስ ኢቭኒንግ ፖስት፣ ካርዲፍ የሚታተመውን ዌስተርን ሜይል፣ ለሊድስ ዮርክሺር ፖስትን ፈልጉ። ለጣሊያኑ ዘመን የቱሪኑ ጋዜጣ ላ ስታምፓ የድሮ ቅጾቹን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የእንግሊዝ ጨዋታ በአብዛኛው ቅዳሜ፣ የጣሊያን እሑድ ስለነበር የሁለቱንም ዘገባ ሰኞ ከወጡት ላይ ጀምራችሁ ፈልጉ። የአንዱን አገር ጋዜጣ ብቻ አትመኑ። የሚሸኘው ከተማና የሚቀበለው ከተማ ስለ አንድ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይጽፉም።

ይህ በተለይ የሚታየው ዝውውሩ ላይ ነው፤ ገንዘቡንም በዘመኑ ዋጋ ካላስረዳችሁ አንባቢ አይገባውም። በኤፕሪል 1957 ጁቬንቱስ ለሊድስ 65,000 ፓውንድ ከፈለ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ዛሬ አንድ ኮከብ በቀናት ውስጥ የሚያገኘው ነው። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ከብሪታንያ ክለብ በውድ የተሸጠው ኤዲ ፊርማኒ ነበር፤ በ1955 ከቻርልተን ወደ ጣሊያኑ ሳምፕዶሪያ በ35,000 ፓውንድ። የቻርልስ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሌላም አስቀምጡ፦ በእንግሊዝ ሊግ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። በጃንዋሪ 1961 ሲነሣ እንኳ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር፤ በ1957 ከዚያም ያንሳል። ቻርልስ ለፊርማው ብቻ ከጁቬንቱስ 10,000 ፓውንድ እንዳገኘ በጊዜው ተነግሯል። በ20 ፓውንድ ሒሳብ ሙሉ ዓመቱን ቢከፈለው እንኳ ከዘጠኝ ዓመት ደመወዝ በላይ ነው። አንባቢያችሁ ይህን ሲያይ «ለምን ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም።

ግን እሱ መሄድ ስለፈለገ ብቻ አይሄድም ነበር። በዚያ ዘመን ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ምዝገባውን ከያዘበት የትም መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ «ሊድስ ለምን ለቀቀው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከስፖርት ገጹ ውጭ ይገኛል። በሴፕቴምበር 1956 የሊድስ ሜዳ የኤላንድ ሮድ ምዕራባዊ የተመልካች ሕንጻ በእሳት ወድሞ ነበር፤ ክለቡም ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ከእሳቱ እስከ ሽያጩ ሰባት ወር ብቻ ነው። ዛሬ በዚያው ቦታ ላይ የቆመው ሕንጻ በስሙ መጠራቱ ለእኔ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል። ሊድስ እሱ በሌለበት የመጀመሪያ ዓመት 17ኛ ወጣ፤ በ1960 ወረደ። ጁቬንቱስ ደግሞ በተገላቢጦሽ፦ ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት 9ኛ የነበረው ክለብ በ1957–58 ሻምፒዮን ሆነ። ቻርልስ 28 ጎል አግብቶ በሴሪ ኣ፣ በጣሊያን ሊግ፣ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። እነዚህን ሁለት ክለቦች በትይዩ ዓምድ ጻፏቸው፤ ሌላ ማድነቂያ ቃል አያስፈልጋችሁም።

የጣሊያኑን ዘመን በአጭሩ ላሳልፈው፤ ከኦማር ሲቮሪና ከጃምፒዬሮ ቦኒፔርቲ ጋር ስለሠራው ሦስትዮሽ ብዙ ተጽፏል። ሦስት የሊግ ዋንጫ በ1958፣ በ1960 እና በ1961፣ ሁለት የጣሊያን ዋንጫ በ1959 እና በ1960። እዚህ የማስጠነቅቀው አንድ ቃል ላይ ነው። «ቻርልስ በዘመኑ ቢጫም ቀይም ካርድ አላየም» እያልን እንጽፋለን። ካርድ በዓለም ዋንጫ የመጣው በ1970 ነው። በእሱ ዘመን ዳኛው ስም ይመዘግባል ወይም በቃል ያስወጣል። ልንል የሚገባን «ስሙ ተመዝግቦበት፣ ከሜዳም ተባሮ አያውቅም» ነው። ተቀያሪም እንደዚሁ፤ በእንግሊዝ ሊግ የተፈቀደው በ1965 ነው። ከዚያ በፊት ባለ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ላይ «ተቀይሮ ወጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ የጻፈው ሰው መዝገብ አላየም።

የመጨረሻ ዓመቶቹን እንደ ተራ ጭራ አትቁረጧቸው። በ1962 በ53,000 ፓውንድ ወደ ሊድስ ተመለሰ፤ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ወደ ሮማ፣ በ1963 ወደ ካርዲፍ። ከ1966 ጀምሮ ከሊጉ ውጭ በነበረው ሄርፎርድ ዩናይትድ ተጫወተ፤ ኋላም ተጫዋችና አሰልጣኝ ሆኖ እስከ 1971 ቆየ። እሱ ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1972፣ ሄርፎርድ የአንደኛ ዲቪዚዮኑን ኒውካስልን ከኤፍኤ ካፕ፣ ከእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ አስወጣ። የዚያን ቡድን መሠረት ማን እንደጣለ የእናንተ ደብተር ካልተናገረ ሌላው አይናገርም። በፌብሩዋሪ 2004 በ72 ዓመቱ አረፈ።

ለመጨረሻ ያቆየሁት ስዊድንን ነው፤ የ1958ቱን የዓለም ዋንጫ። ይህን ስትጽፉ ከመንገዱ ጀምሩ። ዌልስ በምድቧ ወድቃ ነበር። የእስራኤል ተጋጣሚዎች አንድ በአንድ አንጫወትም ብለው ስለወጡ፣ ፊፋ ደግሞ ያለ ጨዋታ ማንም አያልፍም ስላለ፣ ዕጣው ለዌልስ ወጣ። በሁለቱም ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 5 ቀን ካርዲፍ ላይ ነበር። አሰልጣኙ ጂሚ መርፊ በማንቸስተር ዩናይትድ የማት በዝቢ ረዳት ነበሩ። ለዚህ ጨዋታ ሲሉ ከክለባቸው ጉዞ ቀርተዋል፤ በማግስቱ የክለባቸው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከሰከሰ። እነዚህን ሁለት ቀኖች በደብተሬ ላይ ተከታትለው ሳያቸው እጄ ቆሞ ያውቃል።

ስዊድን ውስጥ ቻርልስ በጁን 8 ሃንጋሪ ላይ በግንባሩ አገባ፤ 1 ለ 1። ከሜክሲኮ 1 ለ 1፣ ከስዊድን 0 ለ 0። በጁን 17 ከሃንጋሪ ጋር በድጋሚ መለያ ጨዋታ፤ ዌልስ 2 ለ 1 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች። በዚያ ቀን ሃንጋሪዎች በተደጋጋሚ መቱት። ይህን ከብዙ ቃል ይልቅ በሁለት ዝርዝር ማሳየት ይቻላል። የጁን 17ቱ እንዲህ ነው፦

ኬልሲ፤ ዊሊያምስ፣ ሆፕኪንስ፤ ሰሊቫን፣ ሜ. ቻርልስ፣ ቦወን፤ ሜድዊን፣ ሂዊት፣ ጆ. ቻርልስ፣ ኦልቸርች፣ ጆንስ።

የጁን 19ኙ፣ ጎተንበርግ ላይ ከብራዚል ጋር፦

ኬልሲ፤ ዊሊያምስ፣ ሆፕኪንስ፤ ሰሊቫን፣ ሜ. ቻርልስ፣ ቦወን፤ ሜድዊን፣ ሂዊት፣ ዌብስተር፣ ኦልቸርች፣ ጆንስ።

በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ውረዱ። አሥሩ ያው ናቸው፤ ዘጠነኛው ብቻ ተለውጧል። አምስተኛው ላይ ታናሽ ወንድሙ አለ። የ17 ዓመቱ ፔሌ በሁለተኛው አጋማሽ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ። ቻርልስ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን አንባቢ ራሱ ይጠይቅ፤ እናንተ አትመልሱ። በእኔ ደብተር መስመሩ እንዲህ ይላል፦

ጁን 19 ቀን 1958። ብራዚል። ጎተንበርግ። 0 ለ 1። አልተሰለፈም፣ ተጎድቷል። ጎል የለም።

ሰባተኛው ዓምድ ላይ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ለጥፌያቸዋለሁ።